ብርዱ ይይዘናል ወይስ እኛ እንይዘዋለን? ስለ ስፓኒሹ «ቴኔር» የደረሱን ጥያቄዎች

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው። የላኩልን ስፓኒሽ የሚማሩ አስጎብኚዎች፣ ተማሪዎችና የምግብ ቤት ሠራተኞች ናቸው። ሥራቸው ይለያያል እንጂ ችግራቸው አንድ ግስ ላይ ይገናኛል፦ «ቴኔር» ላይ፣ «አለኝ»፣ «አለው» ለማለት በሚያገለግለው ግስ። ግሱ በስፓኒሽ ንግግር ውስጥ በየደቂቃው ይመጣል፤ እርባታው ደግሞ ከደንቡ የወጣ ነው።

የስፓኒሽ ቃላቱን በፊደላችን ጽፈናቸዋል። «ት»፣ «ክ» እና «ፕ» እንደተጻፉ ይነበቡ እንጂ ወደ «ጥ»፣ «ቅ» እና «ጵ» አይጠጉ። «ኸ»ን ደግሞ ከጉሮሮ ሻከር አድርጎ ማንበብ ነው፤ «ሀ» ቢባልም በብዙ የላቲን አሜሪካ አገሮች ያስኬዳል።

ጥያቄ፦ ለእንግዶች «በረደኝ» ለማለት «ሶይ ፍሪዮ» አልኩ፤ ፈገግ አሉ። «ኤስቶይ ፍሪዮ» ብዬ ባስተካክልም አልሆነም። እንግሊዝኛው «ነኝ» እያለ ስፓኒሹ ለምን እምቢ ይላል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ትክክሉ «ቴንጎ ፍሪዮ» ነው። ቃል በቃል ሲፈታ «ብርድ አለኝ» ወይም «ብርድ ይዣለሁ» ይሆናል። «ሶይ ፍሪዮ» ያለ ሰው ስለ ጠባዩ ተናገረ፤ ሰው የማይቀርብ፣ ስሜቱ የቀዘቀዘ ነኝ ማለቱ ነው። «ኤስቶይ ፍሪዮ» ደግሞ ገላዬ ሲዳሰስ ቀዝቃዛ ነው እንደ ማለት ነው፤ ስለ ሾርባ ወይም ስለ እጅ ቢባል ያምራል። ከሁሉ የሚያስጠነቅቀው የዚህ ተቃራኒ ነው። «ሞቀኝ» ለማለት «ኤስቶይ ካልዬንቴ» አይበሉ፤ በብዙ አገር የፍትወት ትርጉም ስላለው እንግዳ ፊት የሚነገር አይደለም። «ቴንጎ ካሎር» ይበሉ። ከደብረ ብርሃን ተነስተው በጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርዱ ከሆነ በአንድ ጉዞ ሁለቱንም ይፈልጓቸዋል፤ ላይ ሳሉ «ቴንጎ ፍሪዮ»፣ ቆላ ሲደርሱ «ቴንጎ ካሎር»።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት እንግሊዝኛውን ለጊዜው ወደ ጎን አድርገው የራስዎን ቋንቋ ይመልከቱ። በአማርኛ በረደኝ፣ ራበኝ፣ ጠማኝ፣ ሞቀኝ እንላለን። የሁሉም መጨረሻ «ኝ» ናት። አድራጊው ብርዱ ነው፣ ረኃቡ ነው፤ እኔ ተቀባይ ነኝ። ጉንፋን እንኳ «ያዘኝ» ነው የሚባለው። ስፓኒሽ ይህን ይገለብጠዋል። «ቴኔር» ከላቲኑ «ቴኔሬ» የመጣ ሲሆን የጥንት ፍቺው መያዝ፣ መጨበጥ ነው። ስለዚህ በአማርኛ ብርዱ ሰውን ይይዛል፤ በስፓኒሽ ሰውየው ብርዱን ይይዛል። ጉንፋን ይዞኛል ለማለት «ቴንጎ ኡን ሬስፍሪያዶ» ይባላል፤ ያዡ እኔ ነኝ። ይህቺን ግልበጣ የጨበጠ ሰው የሚከተሉትን አንድ በአንድ መሸምደድ አያስፈልገውም፦

ራበኝ፣ «ቴንጎ አምብሬ»። ጠማኝ፣ «ቴንጎ ሴድ»። እንቅልፌ መጣ፣ «ቴንጎ ስዌኞ»። ፈራሁ፣ «ቴንጎ ሚዬዶ»። ቸኩያለሁ፣ «ቴንጎ ፕሪሳ»። ዕድለኛ ነኝ፣ «ቴንጎ ስዌርቴ»። ቡና አማረኝ፣ «ቴንጎ ጋናስ ዴ ካፌ»። ልክ ነዎት፣ «ትዬኔ ራሶን»። በመጨረሻው «ር»ን እንደ «በረረ» የመጀመሪያው «ረ» ጠበቅ ያድርጉት፤ በስፓኒሽ ቃል መጀመሪያ ላይ ያለ «ር» ሁልጊዜ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሰናከልበት አለ። በአማርኛ «በጣም» ለሁሉም ይሆናል፤ በጣም በረደኝ፣ በጣም ራበኝ። በስፓኒሽ «ሙይ» የሚቀድመው ቅጽልን ነው። ብርድ፣ ረኃብ፣ ጥም ግን በ«ቴኔር» አገላለጽ ውስጥ ስሞች ስለሆኑ የሚፈልጉት «ብዙ» የሚለውን ቃል ነው፤ እሱም በጾታ ይለወጣል። «ሙቾ ፍሪዮ»፣ «ሙቾ ካሎር»፣ «ሙቾ ስዌኞ»፣ «ሙቾ ሚዬዶ» ወንዴ ናቸው። «ሙቻ ሴድ»፣ «ሙቻ ፕሪሳ»፣ «ሙቻ ስዌርቴ»፣ «ሙቻ ራሶን» ሴቴ ናቸው። «ጋናስ» ብዙ ቁጥር ስለሆነ «ሙቻስ ጋናስ» ይባላል። «አምብሬ» ታሳስታለች፤ መስተኣምሯ (ከስሙ ፊት የምትቆመው ቃል) «ኤል» ስለሆነ ወንዴ ትመስላለች፣ ነገር ግን ሴቴ ናት። «ቴንጎ ሙቻ አምብሬ» እንጂ «ሙቾ አምብሬ» አይባልም።

ስለ አየሩ ሲሆን ግሱ ሌላ ነው። ዛሬ ይበርዳል፣ «ኦይ አሴ ፍሪዮ»። ሦስቱን አብሮ ማጥናት ይሻላል፤ አየሩ «አሴ»፣ ሰውየው «ቴንጎ»፣ ሻዩ «ኤስታ ፍሪዮ»። አማርኛም እኮ ይበርዳል፣ በረደኝ፣ ቀዝቅዟል ብሎ ሦስት ቦታ ይለያቸዋል።

ስፓኒሽ ሁሌ ይገለብጣል ብለው እንዳይደመድሙም አንድ ነገር እንጨምር። «ደስ ይለኛል» «ሜ ጉስታ» ነው፤ «ራሴን ያመኛል» «ሜ ድዌሌ ላ ካቤሳ» ነው። እነዚህ እንደ አማርኛው ሰውየውን ተቀባይ ያደርጉታል፤ «ሜ» የ«ኝ» ወንድም ናት። እንግሊዝኛ ለለመደ ሰው የሚያስቸግሩት እነዚህ ሲሆኑ ለእኛ ግን የቤት ልጆች ናቸው።

ጥያቄ፦ አስጎብኚ ነኝ። እንግዶችን «እዚህ መግባት የለባችሁም» ብዬ «ኖ ትዬኔን ኬ ኤንትራር» ስላቸው አመስግነውኝ ይገባሉ። ያጠፋሁት ምንድን ነው? (ከአንኮበር)

መልስ፦ ቃሉን አላጠፉም፤ ያሳሳትዎት አማርኛው ነው። የተናገሩት «መግባት ግድ አይደለም፣ ከፈለጋችሁ ግቡ» ሆኖ ተሰምቷቸዋል።

«ቴኔር ኬ» ከአማርኛው «አለብኝ» ጋር የሚገርም ዝምድና አለው። «አለኝ» ስንል «ቴንጎ»፣ «መሄድ አለብኝ» ስንል «ቴንጎ ኬ ኢር»። እኛ «ብ»ን በመሐል እንደምናስገባ እነሱ «ኬ»ን ያስገባሉ። «ኬ» ከወደቀች («ቴንጎ ኢር») አረፍተ ነገሩ ይፈርሳል። እስከዚህ ሁለቱ ቋንቋዎች አብረው ይሄዳሉ። አሉታ ሲመጣ ይለያያሉ። በአማርኛ «መግባት የለብህም» ክልከላ ነው። በስፓኒሽ «ኖ ትዬኔ ኬ ኤንትራር» ብዙውን ጊዜ ግዴታውን ያነሳል እንጂ አይከለክልም።

ለመከልከል «ኖ ሴ ፕዌዴ ኤንትራር» (መግባት አይቻልም) ይበሉ። ለስለስ ያለ ልመና ከፈለጉ «ፖር ፋቦር፣ ኖ ኤንትሬን» (እባካችሁ አትግቡ) አለልዎት። መቅደስ ደጃፍ ላይ ሲቆሙ ከእነዚህ አንዱን አስቀድመው አፍዎ ላይ ያድርጉ። «ኖ ትዬኔን ኬ»ን ለትክክለኛው ቦታ ያቆዩት፤ ለምሳሌ ሁለተኛ ክፍያ ለማይጠየቁ እንግዶች «ኖ ትዬኔን ኬ ፓጋር» ሲሉ ደስ ይላቸዋል።

በአዎንታ ግን ሳይፈሩ ይጠቀሙበት። ጫማ ማውለቅ አለባችሁ፣ «ትዬኔን ኬ ኪታርሴ ሎስ ሳፓቶስ»። ማንንም ለይተው ሳይጠሩ ደንቡን ብቻ ለመንገር «አይ ኬ» ይሻላል፤ «አይ ኬ ኪታርሴ ሎስ ሳፓቶስ» ማለት «እዚህ ጫማ ይወለቃል» እንደ ማለት ነው፣ ጣት አይቀስርም።

ቀጠሮ ሲይዙ ሰዓቱን መቀየር እንዳይዘነጉ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት መነሳት አለብን ለማለት «ቴኔሞስ ኬ ሳሊር አ ላስ ሴይስ ዴ ላ ማኛና» ይባላል፤ «ሴይስ» 6 ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ደግሞ «ላስ ኑዌቤ»፣ ማለትም 9 ነው። ግሱን አሳምረው ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር የነገሩት እንግዳ በስድስት ሰዓት ልዩነት ይጠፋብዎታል።

ጥያቄ፦ የ«ቴኔር» እርባታ አልያዝ አለኝ። አንዴ «ቴን»፣ አንዴ «ትዬን»፣ አንዴ «ቱብ» ይሆናል። የሚጠናበት ሥርዓት አለ ወይስ ዝም ብሎ መሸምደድ ነው? (ተማሪ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ሥርዓት አለው። ግሱ አምስት መልክ አለው፤ አምስቱም ምክንያት አላቸው።

የአሁኑ ጊዜ እንዲህ ነው፦ እኔ «ቴንጎ»፣ አንተ ወይም አንቺ «ትዬኔስ»፣ እሱ፣ እሷ ወይም እርስዎ «ትዬኔ»፣ እኛ «ቴኔሞስ»፣ እናንተ (በስፔን) «ቴኔይስ»፣ እነሱ ወይም እናንተ (በላቲን አሜሪካ) «ትዬኔን»።

«ቴ» ወደ «ትዬ» የምትለወጠው የቃሉ ጫና እሷ ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው። በ«ቴኔሞስ» እና በ«ቴኔይስ» ጫናው ወደ «ኔ» ስለሚሸሽ «ቴ» እንዳለች ትቀራለች። ስለዚህ «ትዬኔሞስ» የሚለው ስሕተት በጆሮ ይያዛል፤ ጮክ ብለው አንብበው ጫናው የት እንደወደቀ ያዳምጡ። «ቴንጎ» ለብቻዋ «ግ» ጨምራለች። በዚህ ግን ብቸኛ አይደለችም፤ «ቤንጎ» (እመጣለሁ)፣ «ፖንጎ» (አስቀምጣለሁ)፣ «ሳልጎ» (እወጣለሁ) ዘመዶቿ ናቸው። አራቱን በአንድ ቀን ያጥኗቸው።

ከ«ቴንጎ» መጨረሻ «ኦ»ን አንስተው «አ» ቢያደርጉ «ቴንጋ» ይወጣል። ይህ የምኞት፣ የአክብሮት ትእዛዝና የክልከላ መልክ ነው፦ «ቴንጋ ኩይዳዶ» (ይጠንቀቁ)፣ «ኖ ቴንጋስ ሚዬዶ» (አትፍራ፣ አትፍሪ)። «ቴንጎ»ን የያዘ ሰው ይህን በነጻ ያገኛል።

ያለፈው ጊዜ ግንዱ «ቱብ» ነው፦ «ቱቤ»፣ «ቱቢስቴ»፣ «ቱቦ»፣ «ቱቢሞስ»፣ «ቱቢስቴይስ»፣ «ቱብዬሮን»። በደንበኛው ግስ «ኮሚ» (በላሁ) እንደሚባለው ጫናው መጨረሻ ላይ ይወድቃል። «ቱቤ» ግን ጫናዋ «ቱ» ላይ ነው። ደንቡን ተከትለው «ቴኒ» የሚሉ ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ እንዲህ የሚባል ቃል የለም።

የወደፊቱ ግንድ «ቴንድር» ነው፦ «ቴንድሬ»፣ «ቴንድራስ»፣ «ቴንድራ»፣ «ቴንድሬሞስ»፣ «ቴንድሬይስ»፣ «ቴንድራን»። «ድ» ከየት መጣች ቢሉ፣ ጥንት ከ«ቴኔር» ውስጥ ሁለተኛዋ «ኤ» ተውጣ «ን» እና «ር» ሲጋጠሙ ምላስ መሸጋገሪያ ፈለገ። «ንር» በተደጋጋሚ በፍጥነት ቢሉ «ድ» ራሷ ስትገባ ይሰማዎታል። «ቤንድሬ»፣ «ፖንድሬ» እና «ሳልድሬ»ም በዚሁ መንገድ የመጡ ናቸው።

አጠናኑን በተመለከተ ሠንጠረዡን ከላይ ወደ ታች እንደ ዳዊት መድገም ብዙም አይጠቅምም፤ አፍ ይለምደዋል፣ በንግግር መሐል ግን አይመጣም። ይልቅ አንድ ወረቀት ላይ አሥር ስም ይጻፉ፤ ፍሪዮ፣ አምብሬ፣ ሴድ፣ ፕሪሳ፣ ሚዬዶ፣ ስዌኞ፣ ካሎር፣ ስዌርቴ፣ ራሶን፣ ጋናስ። በየቀኑ አንድ ጊዜ ብቻ ይምረጡ፤ ሰኞ የአሁኑን፣ ማክሰኞ ያለፈውን እያሉ። አሥሩን ስም በየተራ በስድስቱ መደብ ጮክ ብለው ያስኪዷቸው፤ ከ15 ደቂቃ አያልፍም። ሲጨርሱ አምስቱን በ«ኖ» ይካዱ፤ አምስቱን ደግሞ ይጠይቁባቸው። በሁለተኛው ሳምንት ጊዜዎቹን ቀላቅለው ሌላ ሰው በአማርኛ እየጠራ እርስዎ በስፓኒሽ ይመልሱ፦ «አልራባቸውም» ሲል «ኖ ትዬኔን አምብሬ»፣ «ይበርድሃል» ሲል «ቴንድራስ ፍሪዮ»።

እዚህ ልምምድ ላይ የአማርኛ ተናጋሪ የሚስተው አንድ ነገር አለ። «ልጅ አለኝ»፣ «ልጆች አሉኝ» ስንል ግሱ የሚስማማው ከልጆቹ ጋር ነው። በስፓኒሽ የሚስማማው ከባለቤትየው ጋር ብቻ ነው፤ ልጁ አንድ ቢሆን አሥር ቢሆን «ቴንጎ» አይነቃነቅም። «ልጆች አሉኝ» ብለው በልብዎ ሲያስቡ «ትዬኔን ኢኾስ» የሚል ከወጣዎት «ልጆች አሏቸው» ብለዋል። የማን እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፣ ከዚያ ግሱን ያርቡ።

ትርፉም ቀላል አይደለም። «ማንቴኔር» (ጠብቆ ማቆየት)፣ «ኦብቴኔር» (ማግኘት)፣ «ዴቴኔር» (ማስቆም)፣ «ኮንቴኔር» (በውስጥ መያዝ) ሁሉም የ«ቴኔር»ን እርባታ ይከተላሉ፦ «ማንቴንጎ»፣ «ዴቱቦ»፣ «ኮንትዬኔ»። የመጨረሻው እንግዳ አይደለም፤ በየመንገዱ ሱቅ የሚከፈትበት «ኮንቴይነር» ከዚሁ የላቲን ሥር የወጣ ቃል ነው።

ጥያቄ፦ «ነበረኝ» ለማለት «ቱቤ» ነው ወይስ «ቴኒያ»? (ከሞላሌ)

መልስ፦ «ቴኒያ» ስለቆየ ሁኔታ፣ «ቱቤ» ስለሆነና ስላለቀ ነገር። ልዩነቱ በአማርኛ በሌላ ግስ ይወጣል። «ቴኒያ ኡና ኢኻ» ሴት ልጅ ነበረቻት፤ «ቱቦ ኡና ኢኻ» ሴት ልጅ ወለደች። «ቱቤ ኡና ኢዴያ» ሐሳብ መጣልኝ፤ «ቱቤ ኡን አክሲዴንቴ» አደጋ ደረሰብኝ። ባለፈ ጊዜ ዕድሜ ሲነገር ሁልጊዜ «ቴኒያ» ነው፤ «ኳንዶ ቴኒያ ዲዬስ አኞስ» (አሥር ዓመቴ ሳለ)።

ከ«ኬ» ጋር ሲሆን ይበልጥ ይጠንቀቁ። «ቴኒያ ኬ ኢር» መሄድ ነበረብኝ ነው፤ መሄድ አለመሄዴ ገና አልታወቀም። «ቱቤ ኬ ኢር» ግን ግድ ሆኖብኝ ሄድኩ ነው። ለቀረ ሰው ይቅርታ ሲጠይቁ «ቱቤ ኬ ትራባኻር» ቢሉ «ሥራ ይዞኝ ስሠራ ቆየሁ» ብለው ጨርሰዋል። «ቴኒያ ኬ ትራባኻር» ካሉ ሰሚው «ታዲያ ሠራህ?» ሊል ይችላል።

ጥያቄ፦ ምግብ ቤት እሠራለሁ። እንግዶች «ትዬኔን?» እያሉ ይጠይቃሉ፤ እኔ አንዴ «አይ»፣ አንዴ «ትዬኔ» ስል አንዳንዴ ትክክል ነው ይላሉ፣ አንዳንዴ ያርሙኛል። (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ አማርኛ በ«አለ» ሁለት ሥራ ይሠራል፤ «ሻይ አለ» እና «ሻይ አለን»። ስፓኒሽ ለመጀመሪያው «አይ»፣ ለሁለተኛው «ቴኔሞስ» ይላል። «አይ» የሌላው ግስ፣ የ«አቤር» ልጅ ናት። ጥንት መያዝንም ትገልጽ ነበር፤ ኋላ ያንን ሥራ «ቴኔር» ወሰደባት።

እንግዳው «ትዬኔን ሶፓ?» (ሾርባ አላችሁ?) ካለ «ሲ፣ ቴኔሞስ» ይበሉ። «አይ» ቢሉም አያጣላም፤ ሾርባ አለ ብለዋል። የሚያሳርምዎ ባለቤት የሌለውን ነገር በ«ትዬኔ» ሲናገሩ ነው። «በከተማው ባንክ አለ» ለማለት «ኤን ላ ስዩዳድ ትዬኔ ባንኮ» ካሉ ያዡ ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ «ኤን ላ ስዩዳድ አይ ኡን ባንኮ» ይባላል። «አይ» ለአንድም ለብዙም አትለወጥም። ከ«ኤል» ወይም ከ«ላ» ጋርም አትሄድም፤ የታወቀው ነገር የት እንደሆነ ሲነገር «ኤስታ» ይገባል፣ «ኤል ባንኮ ኤስታ አኪ»።

ያለቀ ምግብ ከሆነ «ኖ አይ» ብሎ ከመዝጋት «ያ ኖ ኬዳ» (አልቋል) ማለት የተሻለ መስተንግዶ ነው። ረቡዕና ዓርብ «የጾም» ለማለት «ቴኔሞስ ኮሚዳ ሲን ካርኔ፣ ሲን ሌቼ ኢ ሲን ዌቦስ» (ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ምግብ አለን) ብለው ቢዘረዝሩ እንግዳው ምን እንደሚቀርብለት ያውቃል፤ የእንስሳት ተዋጽኦ የማይበሉትም ደስ ብሏቸው ያዝዛሉ። ዝርዝር ሲያጥር «ትዬኔ ካምብዮ?» ይበሉ፤ ዝርዝር አለዎት ወይ ማለት ነው።

አማርኛ እዚህ ያግዝዎታል። «መኪና አለኝ» ስንል «አንድ» አንጨምርም፤ ስፓኒሹም «ቴንጎ ኮቼ» ነው። እንግሊዝኛ የቀደማቸው ግን «ኡን» ካልጨመሩ አይሆንላቸውም። «ኡን» የምትመጣው ነገሩን መለየት ሲፈለግ ነው፤ «ቴንጎ ኡን ኮቼ ሮኾ» (አንድ ቀይ መኪና አለኝ)። አንዳንድ ቦታ ትርጉምም ትገለብጣለች፦ «ቴንጎ ስዌኞ» እንቅልፌ መጣ ነው፣ «ቴንጎ ኡን ስዌኞ» ግን ሕልም አለኝ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ጓሳ ላይ እንግዶችን እመራለሁ። ጭላዳ ዝንጀሮን እንዴት ልግለጽ? ከፍታው ሲያስቸግራቸውስ ምን ብዬ ልጠይቅ? (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ እኛ «ደረቱ ቀይ ነው» እንላለን። እነሱ ባለቤቱን አስቀድመው «ይይዛል» ይላሉ፦ «ትዬኔ ኤል ፔቾ ሮኾ»። ከአካል ክፍል ፊት «ኤል» ወይም «ላ» ይገባል እንጂ «የእሱ» የሚለው ቃል («ሱ») አይገባም፤ «ትዬኔ ሱ ፔቾ ሮኾ» አያምርም። ብዙ ሆነው ሲግጡ «ትዬኔን ኤል ፔቾ ሮኾ» ይላሉ፤ ደረት በነጠላ ይቆያል፣ እያንዳንዱ አንድ ደረት ነውና። ወንዱ ረጅም ጋማ አለው ለማለት «ኤል ማቾ ትዬኔ ኡና ሜሌና ላርጋ»።

ጓሳ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሁለተኛው ጥያቄዎ ቀልድ አይደለም። ፊቱ የተለወጠ እንግዳ ሲያዩ «ኬ ትዬኔ?» ይበሉ። ቃል በቃል «ምን ይዘዋል?» ይመስላል፣ ትርጉሙ «ምን ሆኑ?» ነው። መልሱ «ዶሎር ዴ ካቤሳ» (ራስ ምታት)፣ «ናውሴያስ» (ማቅለሽለሽ) ወይም «ማሬዮ» (ማዞር) ሊሆን ይችላል። «ሜ ፋልታ ኤል አይሬ» ካለ ትንፋሽ አጥሮታል። የከፍታ ሕመም «ማል ዴ አልቱራ» ነው፤ ከአንዲስ ተራሮች አካባቢ የመጡ ግን «ሶሮቼ» ይሉታል። በእግር መንገድ ላይ ለአንድ ሰው «ቴንጋ ኩይዳዶ»፣ ለቡድን «ቴንጋን ኩይዳዶ» (ተጠንቀቁ)። ድንጋይ ከሆነ «ኮን ላስ ፕዬድራስ» ይጨምሩበት። ጊዜ ከሌለ «ኩይዳዶ!» ብቻዋን ትበቃለች።

ጥያቄ፦ ዕድሜ በ«ቴኔር» ነው ሲባል ሰማሁ። ጓደኛዬ ደግሞ ቃሉን አሳስተሽ ከጻፍሽ ነውር ይሆናል አለችኝ። እውነት ነው? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ነው። «ሃያ አምስት ዓመቴ ነው» «ቴንጎ ቤይንቲሲንኮ አኞስ» ይባላል፤ ዓመታቱን ይይዟቸዋል። ጥያቄው «ኳንቶስ አኞስ ትዬኔስ?» ሲሆን ለትልቅ ሰው «ኳንቶስ አኞስ ትዬኔ ኡስቴድ?» ይባላል። «አኞስ»ን መጣል አይቻልም፤ «ቴንጎ ቤይንቲሲንኮ» ብቻውን ሃያ አምስት ምን እንዳለዎት አይናገርም፣ ስለ ዕድሜ እየተወራ ካልሆነ በቀር።

ነውሩ ያለው «ኝ» ላይ ነው። በስፓኒሽ ፊደል «ን» ላይ ሞገድ የመሰለች ምልክት ስትቀመጥ «ኝ» ትሆናለች። ምልክቷ ከተረሳች «አኞስ» «አኖስ» ትሆናለች፤ ትርጉሙም ፊንጢጣ ነው። ሌሎች በዚህ ድምፅ ሲቸገሩ እኛ የራሱ ፊደል አለን፤ ስንናገር አንስትም። የምንስተው በስልክ ስንጽፍ ነው። የስልኩን ቁልፍ ሰሌዳ ስፓኒሽ ላይ ያድርጉት፣ ወይም የ«ን» ቁልፏን ረዘም አድርገው ይጫኗት፤ ምልክት ያለባት ትወጣለች። «ማኛና» እና «ኒኞ»ም በእሷ ነው የሚጻፉት።

ቅጽ የሚሞሉ ከሆነ ዕድሜው ያው ነው፣ የልደቱ ዘመን ግን በአውሮፓ አቆጣጠር ይጻፋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ለተወለደ 7፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ዓመት ይደመራል።

ጥያቄ፦ አንድ የስፔን ሰው ዕቃ ሲያቀብለኝ «ቴን» አለኝ። ምን ማለቱ ነው? (ከደነባ)

መልስ፦ «እንካ» ማለቱ ነው፤ ለሴትም ያው «ቴን» ነው። ከ«ቴኔር» የወጣ አጭር ትእዛዝ ሲሆን ቃል በቃል «ያዝ» ይሆናል። ለሚያከብሩት ሰው «ቴንጋ» ይባላል፤ «እንኩ» እንደማለት ነው። ገንዘብ ሲመልሱ ወይም ምግብ ሲያቀርቡ «አኪ ትዬኔ» (ይኸውልዎት) የበለጠ ትሕትና አለው። ብርድ ለያዘው እንግዳ ጋቢ እያቀበሉ «ቴንጋ፣ ፓራ ኤል ፍሪዮ» (እንኩ፣ ለብርዱ) ቢሉ ያማረ ነው።

ጥያቄ፦ በ«ቴኔር» የሚጀምሩ ምሳሌያዊ አነጋገሮችን ጥቂት ብትነግሩን። (ከአንኮበር)

መልስ፦ እኛ ከምንወዳቸው እነሆ። «ኖ ቴኔር ፔሎስ ኤን ላ ሌንግዋ»፣ ምላሱ ላይ ጸጉር የለውም፤ ሳይፈራ ሳያፍር እቅጩን የሚናገር። «ቴኔር ማኖ ኢስክዬርዳ»፣ ግራ እጅ አለው፤ ሰው አያያዝ የሚያውቅ፣ ነገር በዘዴ የሚያበርድ ነው እንጂ ግራኝ ማለት አይደለም። «ቴኔር ላ ሳርቴን ፖር ኤል ማንጎ»፣ መጥበሻውን በእጀታው ይዟል፤ ልጓሙ በእጁ ያለ። «ማንጎ» እዚህ እጀታ ነው፣ ፍሬው አይደለም። «ኖ ቴኔር ኒ ፕዬስ ኒ ካቤሳ»፣ እግርም ራስም የለው፤ መያዣ መጨበጫ የሌለው ወሬ። ይህ የመጨረሻው ስለ ወሬ፣ ስለ ዕቅድ ወይም ስለ ጽሑፍ እንጂ ስለ ሰው አይነገርም፤ ግሱም በሦስተኛ መደብ ብቻ ይመጣል፣ «ኤሶ ኖ ትዬኔ ኒ ፕዬስ ኒ ካቤሳ»።